ከብረቱ ይልቅ ገጹ፦ በሆፐርስ ክሮሲንግ የማይጠየቀው ጥያቄ

ሆፐርስ ክሮሲንግ ስሟን ያገኘችው ከባቡር ሐዲድ በር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ከሜልበርን ወደ ጂሎንግ በሚያመራው ሐዲድ ላይ የማቋረጫውን በር የሚከፍቱትና የሚዘጉት ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ሆፐር ነበሩ፤ ቦታውም በእርሳቸውና በባለቤታቸው በስቲቨን ሆፐር ስም ተጠርቶ ቀረ። ዛሬ ከሜልበርን መሀል ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘው ይህች ሰፈር በዊንድሃም ከተማ አስተዳደር ሥር ናት። ኑሮን በፉትስክሬይ ጀምረው፣ ልጆች ሲወለዱና ቤቱ ሲጠብ ወደ ምዕራብ የተጓዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም ከነዋሪዎቿ መካከል ናቸው።

ከኑሮው ጋር ዕድሜም አብሮ መጥቷል። ያኔ ወጣት የነበረው ዛሬ አያት ነው፤ ጥርስ ይነቀላል፣ ዳሌ ይደክማል፣ ጉልበት ይከብዳል። የጥርስ ሐኪም ቤቶችም ለዚህ ዝግጁ መልስ አላቸው፦ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል የቲታኒየም ብሎን፣ በላዩም ሰው ሠራሽ ጥርስ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ሦስት ነገር ይጠይቃል። ስንት ነው? ያማል ወይ? መቼ ያልቃል? አራተኛውን ጥያቄ የሚያነሣ ግን እምብዛም አይገኝም፦ አጥንቱን የሚነካው የብረቱ ገጽ በምን ተዘጋጀ? በስንት ሰውስ ላይ፣ ለስንት ዓመት ተፈተነ?

ጥያቄው የመሐንዲስ ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። የአውስትራሊያው ሜዲኬር የአዋቂዎችን መደበኛ የጥርስ ሕክምና አይሸፍንም። አንድ ጥርስ ተተክሎ እስኪያልቅ የሚጠየቀው ብዙ ሺህ ዶላር በአብዛኛው ከቤተሰቡ ኪስ ይወጣል። የግብር መሥሪያ ቤቱ በሕክምና ምክንያት የጡረታ ቁጠባን አስቀድሞ ማውጣት የሚፈቅድበት ሥርዓት ስላለ፣ ከዚያ እየቀነሱ የሚከፍሉም አሉ። በፋብሪካ ፈረቃ፣ በታክሲ መሪና በአረጋውያን መጦሪያ ቤት የተጠራቀመ የዕድሜ ልክ ገንዘብ፣ ውፍረቱ ከጤፍ ቅንጣት እጅግ በሚያንስ ሸካራነት ላይ ተማምኖ ይፈስሳል ማለት ነው። ስለዚህ ሸካራነት ማወቅ የከፋዩ መብት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በስዊድን ሉንድ ከተማ ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ የተባሉ ተመራማሪ በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ የደም ዝውውርን ለማየት የሚያስችል ከቲታኒየም የተሠራ መመልከቻ ተከሉ። ጥናቱ ሲያበቃ መሣሪያውን ሊያወጡት ሲሞክሩ እምቢ አለ፤ አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ውድ ዕቃ በመበላሸቱ ተበሳጭቶ ያልፍ ነበር። እርሳቸው ግን ነገሩን ተከተሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1965 መንጋጋው በተፈጥሮ የተጎዳ አንድ ስዊድናዊ የመጀመሪያው ታካሚ ሆነ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2006 እስኪሞት ድረስ፣ ከ40 ዓመት በላይ፣ በእነዚያው ብሎኖች ላይ በተገጠሙ ጥርሶች አኝኳል። የሕክምናው ዓለም ግን ነገሩን በሰፊው የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1982 በቶሮንቶ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ ነው።

የብሮነማርክ ብሎኖች በማሽን ተቀርጸው የወጡ፣ ለዓይን ልሙጥ የሆኑ ነበሩ። ያዙ፤ ግን በዝግታ። በታችኛው መንጋጋ 3 ወር፣ በላይኛው እስከ 6 ወር መጠበቅ ግድ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚህ ዘርፍ ከተደረገው ሥራ ትልቁ ድርሻ ብረቱን ለመለወጥ ሳይሆን የብረቱን ገጽ ለመለወጥ የዋለ ነው።

ሐሳቡ ለኢትዮጵያዊ ባለ እጅ እንግዳ አይደለም። ወፍጮ ሲለሰልስ ይወቀራል፤ ግንበኛም ልስኑ እንዲይዝለት ግድግዳውን በመሮ ይጎዳል። በተቃራኒው እንጀራ እንዳይዝ የሸክላ ምጣድ በጎመን ዘር ይሟሻል። አንዱ ገጽ እንዲይዝ፣ ሌላው እንዲለቅ ይሰናዳል፤ ሸክላው ያው ሸክላ፣ ድንጋዩም ያው ድንጋይ ነው። በቲታኒየምም የሆነው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የሚያዘው ነገር ሕይወት ያለው መሆኑ ነው።

ቲታኒየም አየር እንደነካው ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሚወፍር የኦክሳይድ ሽፋን ይለብሳል። ሰውነት የሚያገኘው ይህን ልብስ እንጂ ብረቱን አይደለም። ሽፋኑ ከዝገት ይከላከላል፤ ቢጫርም ራሱን መልሶ ይጠግናል። ብሎኑ አጥንት ውስጥ በገባ ቅጽበት ደም ይነካዋል፤ በመጀመሪያ ውሃና ጨው፣ ወዲያውም የደም ፕሮቲኖች በገጹ ላይ ይሰፍራሉ፣ ከዚያም ደሙ ይረጋል። በረጋው ደም ውስጥ ያሉት የፋይብሪን ክሮች ለአጥንት ሠሪ ሕዋሳት እንደ ገመድ መንገድ ያገለግላሉ። ገጹ ልሙጥ ከሆነ ክሮቹ ሲኮማተሩ ከብረቱ ይላቀቃሉ፤ ስለዚህ አዲሱ አጥንት የሚነሣው ከቁስሉ ዳር ካለው ነባር አጥንት ብቻ ሆኖ ቀስ እያለ ወደ ብረቱ ይጓዛል። ገጹ ሸካራ ከሆነ ግን ክሮቹ ይይዛሉ፤ ሕዋሳቱ እስከ ብረቱ ድረስ ይደርሳሉ፤ አጥንት በብረቱ ላይም መሠራት ይጀምራል። ከሁለት ወገን የተጀመረ ድልድይ ቶሎ እንደሚገናኝ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ታካሚው ሊያውቀው የሚገባ፣ ብዙ ጊዜ ግን የማይነገረው አንድ ነገር አለ። ብሎኑ በተተከለበት ቀን ጠበቅ ብሎ የሚቆመው በመቆርቆሩ፣ እንደ ግድግዳ ሚስማር ነው። ከዚያ ሲቦረቦር የተጎዳው አጥንት እየተበላ፣ አዲሱ ግን ገና ሳይጠነክር ሲቀር፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ጥንካሬው ከመጀመሪያው ቀን ያነሰ ይሆናል። «ዳነልኝ» ብሎ ጥሬ ቆሎ የሚያኝከው ሰው አደጋ ላይ የሚወድቀው በዚህ ጊዜ ነው። የገጽ ዝግጅት ዋና ጥቅም ይህን ዝቅታ ማሳጠሩና ማቅለሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በስዊዘርላንዱ ዳንኤል ቡሰርና ባልደረቦቻቸው በትናንሽ የአሳማ ዝርያዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ልሙጥ በሆኑት ገጾች ላይ አጥንት በቀጥታ የነካው የብረቱን ገጽ ሩብ ያህል ብቻ ሲሆን፣ በትላልቅ የአሸዋ ቅንጣቶች ተደብድቦ ከዚያ በአሲድ በታጠበው ላይ ከ50 እስከ 60 በመቶ ደርሷል። ይህ አሠራር በ1990ዎቹ መጨረሻ ለገበያ ሲቀርብ የመጠበቂያው ጊዜ ወደ 6 ሳምንት ገደማ ወረደ።

አሠራሩ ራሱ የረቀቀ ምሥጢር የለውም። እጅግ ጠንካራ የሆነ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ቅንጣት በአየር ግፊት ብረቱን ይደበድባል፤ በዚህም የፀጉር ውፍረት ግማሽ የሚያክሉ ጉድጓዶች ይፈጠራሉ። ቀጥሎ የጋለ የሰልፈሪክና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ድብልቅ በጉድጓዶቹ ውስጥ ሌሎች ደቃቅ ጉድጓዶችን ይቆፍራል። ሌላው ስልት ብረቱን በፈሳሽ ውስጥ ነክሮ በኤሌክትሪክ ኃይል የኦክሳይድ ልብሱን ማወፈርና ባለ ቀዳዳ ማድረግ ነው። በጃፓን ኪዮቶ እነ ታዳሺ ኮኩቦ በ1990ዎቹ ያዳበሩት መንገድ ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነው፤ ብረቱን በጠንካራ አልካሊ መዘፍዘፍ፣ ከዚያ በእሳት ማጋል። ይህ ስልት በጃፓን በዳሌ መገጣጠሚያዎች ላይ ከ2007 ጀምሮ ለታካሚ ውሏል።

ሸካራነት ጥሩ ከሆነ፣ በጣም ሸካራ የሆነው በጣም ጥሩ ነው ብሎ ማሰብ ይቀላል። የስዊድናውያኑ የቶማስ አልብሬክትሰንና የአን ቬነርበሪ ለብዙ ዓመታት የዘለቀ ልኬት የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። በአማካይ ከ1 እስከ 2 ማይክሮሜትር የሆነው መካከለኛ ሸካራነት ከልሙጡም፣ እጅግ ከሸከረውም የተሻለ የአጥንት ምላሽ አግኝቷል። ከዚያ ያለፈው ለአጥንት የሚጨምረው ጥቅም የለም፤ ለባክቴሪያ ግን መጠጊያ ይሆናል። የድድ ጠርዝ ወደ ታች ሸሽቶ ሸካራው ገጽ አፍ ውስጥ ከተጋለጠ፣ ብሩሽ የማይደርስባቸው ጉድጓዶች የጀርም ጎጆ ይሆናሉ። አጥንትን የጋበዘው ያው ሸካራነት ጠላትንም ይጋብዛል። አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም አንቶኒ ግሪስቲና እ.ኤ.አ. በ1987 ይህን ሁኔታ ገጹን ቀድሞ ለመያዝ በሰውነት ሕዋሳትና በባክቴሪያ መካከል የሚደረግ ሩጫ አድርገው ገልጸውታል። ባክቴሪያ ቀድሞ ከሰፈረና አንተን አላይ የሚል ልባስ ከሠራ፣ መድኃኒት ብዙም አይፈይድም፤ ብዙ ጊዜ ብረቱን ማውጣት ይመጣል። በሽታው ሲጋራ በሚያጨስና ስኳሩን መቆጣጠር ባልቻለ ሰው ላይ ይበረታል፤ የቱም ያማረ ገጽ ይህን አይሽረውም።

ለሆፐርስ ክሮሲንግ ሰው ቅርብ የሆነ፣ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ምሳሌ በዚያው በሜልበርን አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በሴንት ቪንሰንት ሆስፒታል ተረከዙ በካንሰር የተጠቃ የ71 ዓመት ሰው እግሩ ከጉልበት በታች ሊቆረጥ ሲል፣ የሀገሪቱ የሳይንስ ምርምር ተቋም ሲ.ኤስ.አይ.አር.ኦ. አናቶሚክስ ከተባለው የሜልበርን ድርጅት ጋር ሆኖ የተረከዝ አጥንት ከቲታኒየም አተመለት፤ ቀዶ ሕክምናውን ፕሮፌሰር ፒተር ቹንግ መሩት። ያ አንድ ቁራጭ ብረት በሁሉም ወገን አንድ ዓይነት ገጽ አልነበረውም። ከሌላ አጥንት ጋር የሚገናኝበት ልሙጥ፣ ሥጋ እንዲይዘው የተፈለገበት ሸካራ፣ ጅማት የሚሰፋበት ደግሞ ባለ ቀዳዳ ሆኖ ተሠራ። «ጥሩ ገጽ» የሚባል ነገር ብቻውን የለም፤ ለምን እና የት የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ አብሮት አለ።

የሃይድሮክሲአፓታይት ሽፋን ታሪክም ይህንኑ ይናገራል። ይህ ከአጥንት ማዕድን ጋር የሚመሳሰል ነገር በጋለ ፕላዝማ ብረት ላይ ሲረጭ አጥንት እንደ ዘመድ ይቀበለዋል። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዳሌ ብረቶች ላይ ውሎ እስካሁን ስሙን ጠብቋል። በጥርስ ላይ ግን ተስፋው ብዙ አልዘለቀም፤ በአንዳንዶቹ ሽፋኑ ከብረቱ ተላቀቀ ወይም ተሟሟ፤ ጀርም በሚመላለስበት አፍ ውስጥ ያ ክፍተት ውድ ዋጋ አስከፈለ። አንዱ ሽፋን በአንዱ ቦታ ባለሟል፣ በሌላው ተወቃሽ ሆነ።

የተሰበረ አጥንት እስኪገጥም ብቻ ለሚያስፈልግ ብረት ደግሞ መያዝ ራሱ ጥፋት ሊሆን ይችላል። የሀገር ቤት ወጌሻ በቀርከሃና በጨርቅ ያሠረውን እንደሚፈታው ሁሉ፣ ሐኪሙም አንዳንዱን ፕሌትና ብሎን በተለይ ከልጆች እግርና ክንድ መልሶ ማውጣት ይፈልጋል። አጥንት አጥብቆ ያቀፈው ሸካራ ቲታኒየም ሲወጣ ሌላ ስብራት ሊያመጣ ይችላል። እንዲህ ላለው ሥራ የተወለወለ ገጽ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ከሁሉም የሚያስተምረው ግን ስለ ቴክኖሎጂ ጥበብ ሳይሆን ስለ ንጽሕና የሚናገረው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 ሱልዘር የተባለው አምራች በቴክሳስ ኦስቲን ይሠራቸው የነበሩ የዳሌ ጽዋዎችን ከገበያ ሰበሰበ። ጽዋዎቹ አጥንት እንዲያድግባቸው ባለ ቀዳዳ ሆነው የተዘጋጁ፣ በወረቀት ላይ እንከን የማይወጣላቸው ነበሩ። ችግሩ ከማምረቻ ማሽኑ የተረፈ ዘይት በገጻቸው ላይ መቅረቱ ነው። በዓይን የማይታይ የዘይት ዝቃጭ አጥንቱን ከብረቱ ለየው። ከችግሩ ጋር የተያያዙ 17,500 ያህል ጽዋዎች በሰዎች ሰውነት ውስጥ ገብተው ነበር፤ ከእነዚህ ሺዎቹ ዳግመኛ ተቀደዱ፤ ክሱም አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ በሆነ ካሳ ተዘጋ። ይህን የሚያነብ ሰው «የእኛ ገጽ ናኖ ነው» የሚለውን ማስታወቂያ ሲያይ ወዲያው አይቸኩልም።

ዘይት ባይኖርም እንኳ ቲታኒየም በመደርደሪያ ላይ ያረጃል። አየር ላይ ያለ ገጽ ከአካባቢው የካርበን ውሕዶችን እየሰበሰበ ሳምንታት ሲያልፉ ውሃ የሚሸሽበት ይሆናል፤ ደምም እንደ ውሃ ነው። አንዳንድ አምራቾች ብሎኑን ከአየር ለይተው በጨው ውሃ ውስጥ አሽገው የሚሸጡት፣ ሌሎችም ከተከላው በፊት በአልትራቫዮሌት ብርሃን እንዲታደስ የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የእሽጉ ጤንነት፣ የማብቂያው ቀን፣ የሐኪሙ ጓንት ገጹን አለመንካቱ የሕክምናው አካል ናቸው።

ወደ ፊት የሚመጣውስ? ሜልበርን በዚህ ረገድ ከዓለም ከተሞች ፊት ከሚሰለፉት አንዷ ናት። በስዊንበርን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኤሌና ኢቫኖቫና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 የአውስትራሊያዊቷ ሲካዳ ክንፍ ያለ ምንም መድኃኒት፣ በላዩ ባሉት እጅግ ጥቃቅን ምሰሶዎች ብቻ ባክቴሪያን እንደሚቀድ አሳዩ። በቀጣዩ ዓመት ያንኑ በውሃ ተርብ ክንፍና በጥቁር ሲሊከን ላይ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በአር.ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ የቡድኑ ሰዎች ይህን በቲታኒየም ላይ አውለው፣ መድኃኒት የተላመደ የካንዲዳ ፈንገስ ሕዋሳት ግማሽ ያህሉ ገጹን እንደነኩ ሲቀደዱ፣ የቀሩትም ተጎድተው መራባት ሲያቅታቸው ተመለከቱ። ጀርም መድኃኒትን በለመደበት ዘመን በቅርጽ ብቻ የሚገድል ብረት መገኘቱ የሚያስደስት ነው፤ ይህ ሊካድ አይገባም።

ነገር ግን በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የተቀደደ ፈንገስና በአንዲት እናት መንጋጋ ውስጥ 20 ዓመት የቆየ ጥርስ አንድ አይደሉም። ያ ደቃቅ እሾህ ብሎኑ ጠንካራ አጥንት ውስጥ ሲሽከረከር ይተርፋል ወይ? የሞተው ጀርም ሬሳ እሾሁን ሸፍኖ ለሚቀጥለው አልጋ አይሆንም ወይ? እነዚህ ዓመታትን የሚጠይቁ ጥያቄዎች ናቸው። በአንጻሩ በአሸዋና በአሲድ የተዘጋጀው ያረጀው ገጽ ጥያቄዎቹን በጊዜ መልሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ከበርን ዩኒቨርሲቲ በወጣ ጥናት በ303 ታካሚዎች ላይ ከተተከሉ 511 ብሎኖች ከ10 ዓመት በኋላ 98.8 በመቶው በቦታቸው ነበሩ። እርግጥ ነው፣ ያ የተመረጡ ታካሚዎችና የተካኑ እጆች ያሉበት የዩኒቨርሲቲ ክሊኒክ ነው፤ የሰፈር ክሊኒክ ያንኑ ቁጥር ለራሱ ማስታወቂያ ሊዋስ አይገባውም። ቢሆንም የማሻሻያው ጣሪያ ምን ያህል እንደቀረበ ያሳያል። ከ98 በላይ ለሚቀረው ሽርፍራፊ በእጥፍ ክፈል የሚባል ሰው ማስረጃ መጠየቁ ንፉግ አያሰኘውም።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው «ሐኪሙ ያውቃል» የሚለው ነው። የሐበሻ ታካሚ ሐኪም ፊት አንገቱን ይደፋል፤ መጠየቅ አለማመን እንዳይመስልበት ይሰጋል። ጨዋነቱ የሚያስከብር ነው፤ ነገር ግን ጥሩ ሐኪም በጥያቄ አይቀየምም፤ የብሎኑን ስምና ዓይነት ለመናገር የሚያመነታ ካለም፣ ማመንታቱ ራሱ መልስ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ የከበደ ነው። ታካሚ ስለ ማይክሮሜትር ቢያውቅ ምን ይፈይዳል? ጥራትን መቆጣጠር የመንግሥት ሥራ አይደለም ወይ? ነው። የአውስትራሊያ የሕክምና ምርቶች አስተዳደር ሀገር ውስጥ የሚሸጥ ተካይ ሁሉ እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ በሰውነት ውስጥ በቋሚነት ለሚቀሩ አብዛኞቹ ምርቶችም ከታኅሣሥ 2018 ጀምሮ በደረጃ እየሰፋ በመጣ ደንብ አምራቹ ለታካሚው የሚሰጥ ካርድና መግለጫ እንዲያዘጋጅ ግዴታ ጥሏል። ካርዱና መግለጫው ግን በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ከሳጥኑ ወጥተው በእርግጥ ወደ ታካሚው ቦርሳ መግባታቸውን የሚያረጋግጥ የለም።

ከምዝገባ በኋላ የሚሆነውን የሚያየው ዓይን ደግሞ እኩል አይደለም። ለዳሌና ለጉልበት አውስትራሊያ ከዓለም ምርጥ መዝገቦች አንዱ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ተጀምሮ በ2002 መላ ሀገሪቱን ያዳረሰው የመገጣጠሚያ ምትክ መዝገብ እያንዳንዱን ብረት ይከተላል። ዴፑዪ ያመረተው የብረት በብረት ዳሌ ከሚገባው በላይ እየከሸፈ መሆኑን ቀድመው ካሳዩት መካከል ይህ መዝገብ አንዱ ነበር፤ ምርቱ በአውስትራሊያ በ2009 መጨረሻ ከገበያ ሲወጣ፣ በዓለም ደረጃ የተሰበሰበው በነሐሴ 2010 ነው። ለጥርስ ግን እንዲህ ያለ ሁሉንም የሚያስገድድ ሀገር አቀፍ መዝገብ የለም። የአያቱ ዳሌ ይቆጠራል፤ የአያቱ ጥርስ አይቆጠርም። ለዚህ ልዩነት የሚያሳምን ምክንያት ማቅረብ ያስቸግራል፤ ሁለቱም ያው ቲታኒየም፣ ያው አጥንት፣ ያው ሰው ናቸው። የዊንድሃም መራጮች ለተወካዮቻቸው የሚያቀርቡት ጥያቄ ቢኖር ይህ ከቀዳሚዎቹ መቆጠር አለበት።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ሐኪም ቤቶች ያልተጠበቀ ትምህርት ይሰጣሉ። ሳይን የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካዊው ሐኪም ሉዊስ ዚርክል የተመሠረተ ድርጅት ለተሰበረ ጭንና ቅልጥም የሚሆን የብረት ዘንግ ለድሆች ሀገሮች በነጻ ያቀርባል፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ነው። ዘንጉ ከማይዝግ ብረት እንጂ ከቲታኒየም አይደለም፤ የረቀቀ ገጽም የለውም። ይሁን እንጂ ሐኪሙ የተጠቀመበትን ዘንግ የሚተካለት የታካሚውን መረጃና ራጅ በጋራ መዝገብ ላይ ሲያሰፍር ነው። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ለተሰበረ ወጣት የገባው ዘንግ ታሪኩ ይጻፋል፤ በሜልበርን በብዙ ሺህ ዶላር የተተከለ ጥርስ ግን ከክሊኒኩ ፋይል ውጭ ላይታወቅ ይችላል።

ይህ ጉዳይ ለእረፍት ሀገር ቤት ሲሄዱ ጥርስ አሠርተው ለሚመለሱትም ይሠራል። ዋጋው ስለሚቀንስና በቋንቋ መግባባት ስለሚቻል ብዙዎች ይመርጡታል፤ ምርጫውን መንቀፍ አይገባም፤ በአዲስ አበባ የተካኑ ሐኪሞች አሉ። የሕክምና መሣሪያ ቁጥጥርም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕግ ተደንግጓል። ችግሩ የሚመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ በሆፐርስ ክሮሲንግ ብሎኑ ሲላላ ነው። እያንዳንዱ አምራች የራሱ የመፍቻ ቅርጽና የራሱ ማያያዣ አለው፤ ስሙ ያልታወቀ ብሎን ያለበትን ሰው የሜልበርን ሐኪም ራጅ እያየ በግምት ይመረምራል፤ ካልሆነም ጤነኛውን ብሎን አውጥቶ እንደገና መትከል ይመጣል። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂና በአካባቢው ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ጠጥቶ ላደገና ጥርሱ ለተጎዳ ሰው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ለቀሩት ጥርሶች የሚቀባ፣ አሲድ የቀላቀለ ጠንካራ የፍሎራይድ ጄል የቲታኒየምን የኦክሳይድ ልብስ ሊበላው ስለሚችል፣ አሲድ የሌለው ቢሆን ይሻላል።

አንዳንድ ጊዜ የሚሰማው «ኢትዮጵያ ለምን ራሷ አታመርትም?» የሚለው ጥያቄ በዚህ መነጽር ሲታይ መልሱ ይለወጣል። አሸዋው፣ አሲዱ፣ ኤሌክትሪኩ ውድ አይደሉም፤ የኪዮቶው ስልት ከአልካሊና ከምድጃ በላይ ብዙ አይጠይቅም። ውዱ ነገር ከሂደቱ በኋላ የሚመጣው ነው፦ ማጠብ፣ መለካት፣ ማሸግ፣ መመዝገብ፣ ከዓመታት በኋላ ታካሚውን ፈልጎ ማግኘት። ሱልዘርን የጣለው የእውቀት ማነስ ሳይሆን ያልታጠበ ዘይት ነበር። ለዩኒቨርሲቲዎች የሚመደብ ገንዘብ ካለ ከማተሚያ ማሽኑ በፊት የገጽ መለኪያውና ንጹሕ ክፍሉ ቢቀድም ይበጃል።

ለሆፐርስ ክሮሲንግ ታካሚ ግን ይህ ሁሉ እስኪስተካከል መጠበቅ አያስፈልገውም። እያንዳንዱ ብሎን የሚመጣበት እሽግ ውስጥ ተላጦ የሚለጠፍ ትንሽ ወረቀት አለ፤ የአምራቹ ስም፣ የብሎኑ ዓይነትና ልክ፣ የምርት መለያ ቁጥሩ ተጽፎበታል። አንዱ በክሊኒኩ ፋይል ላይ ይለጠፋል፤ የተረፈው፣ ታካሚው ከወንበሩ ተነሥቶ ካልጠየቀ በቀር፣ ከባዶው ማሸጊያ ጋር ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ይገባል።